መሳቢያውን የሚከፍተው ማን ነው? የአንድ የጎንደር ዳቦ ቤት የችግር ጊዜ ዝግጅት

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲደነግግ፣ የዚህ ጉዳይ መነሻ የሆነው የጎንደር ዳቦ ቤት ባለቤት ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደው ነበር። በዚያው ሰሞን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራም ቆመ። በመኪና ልምጣ ቢሉ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው መንገድ የሚደፈር አልነበረም። ዳቦ ቤቱ ሃያ የሚጠጉ ሠራተኞች አሉት። የደመወዝ ቀናቸው ሐምሌ 30 ነው።

ወደ ጉዳዩ የገባሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ ባለቤቲቱ «ዳግመኛ እንዲህ እንዳንሆን» ብለው ለምክር ሲጠሩኝ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለኝ አይጠፋም። በጎንደር ግን ጅቡ አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ አያውቅም። በጥር 2012 በጥምቀት ዕለት በፋሲለደስ መዋኛ የእንጨት መቀመጫ መድረክ ተደርምሶ ሰው ሞተ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ ተገኘና እንግዳ የለመደው ከተማ ሆቴሎቹን ዘጋ። ኅዳር 4 ቀን 2013 ማታ ደግሞ የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በሮኬት ተመታ። ይህን ሁሉ ያየ ከተማ ውስጥ የሚሠሩ ድርጅቶች ዝግጁ ናቸው ብሎ የሚገምት ቢኖር አይፈረድበትም። እውነታው ግን ከእያንዳንዱ ችግር የተማሩት ገቢ ሲወርድ ወጪ መቀነስን ነው። ባለቤት በሌለበት ማን ያዛል፣ ሥራ ሲቆም ደመወዝ ምን ይሆናል፣ ሠራተኛው የት እንዳለ በምን ይታወቃል የሚሉት ጥያቄዎች ግን ሳይነኩ ቆይተዋል።

ዳቦ ቤቱ ከፒያሳ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ያለ፣ ከፊት ለፊቱ ሻይና ኬክ የሚሸጥበት፣ ከኋላው ማቡኪያና መጋገሪያ ያለው መካከለኛ ድርጅት ነው። ስሙን እንዳልጠቅስ በተጠየቅሁት መሠረት አልጠቅሰውም። ችግሩን ለመረዳት ስለ ዳቦ አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፤ ዳቦ የሌሊት ሥራ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትኩስ ዳቦ መደርደሪያ ላይ እንዲገኝ አቡኪው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ዱቄቱን ማሽን ውስጥ መጨመር አለበት። ሊጡ አንዴ እርሾ ከነካው ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ ሰዓት እላፊ ለጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ትንሽ መጉላላት ሲሆን ለዳቦ ቤት ግን ሥራውን ከሥሩ የሚነቅል ነገር ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሥራው እንደምንም ቀጠለ። ሰው ለክፉ ቀን ብሎ ዳቦ ስለሚገዛ ሽያጩ እንዲያውም ከወትሮው በለጠ። ችግሩ የተጀመረው ከገንዘቡ ነው። በደህናው ጊዜ ገንዘብ ያዧ የቀኑን ሽያጭ ማታ ቆጥራ ለባለቤቲቱ ታስረክባለች፤ እሳቸውም በማግስቱ ባንክ ያስገባሉ። ደመወዝ የሚከፈለው ከባለቤቲቱ ስልክ በባንኩ መተግበሪያ ነው። አሁን እሳቸው የሉም፤ ባንኩ ዝግ ነው፤ መተግበሪያው ያለ ዳታ አይሠራም። የካዝናው ቁልፍ ደግሞ በእሳቸው ቦርሳ ውስጥ አዲስ አበባ ነው። ገንዘብ ያዧ፣ ገና ሃያዎቹን ያላጋመሰች ልጅ፣ የሽያጩን ብር በየማታው በጨርቅ ጠቅልላ በነጠላዋ ሥር ይዛ ወደ ቤቷ ትወስድ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ይህን የነገረችኝ በወሩ መጨረሻ ነው፤ ስትነግረኝም እንደ ጥፋት እንጂ እንደ ጀግንነት አልነበረም። ያንን ብር ይዛ ስትሄድ አንድ ነገር ቢደርስባት ኖሮ ድርጅቱ ያጣው ብር ሳይሆን ሰው ነበር።

ሐምሌ 30 እሑድ ማታ ዋናው ጋጋሪ ወደ እሷ ዘንድ መጡ። በዚህ ቤት ከባለቤቲቱ በፊት የቆዩ፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው ሰው ናቸው። ነገ ፍልሰታ ይገባል፤ ሠራተኛው ቤቱ ባዶ ነው፤ ከነገ ወዲያ መንገድ ይኑር አይኑር አይታወቅም፤ ስለዚህ ከሽያጩ ለእያንዳንዱ ትንሽ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጠው አሉ። ልጅቷ እምቢ አለች። «ጋሼ፣ እትዬ ሳያዙኝ ሳንቲም አላወጣም» ነበር መልሷ። እሳቸውም ተቆጡ፤ «ሰው ሲርበው እትዬን እንጠብቅ?» አሉና ወጡ። ሠራተኛው በዚያ ማታ የያዘው ጥቂት ጥቂት ዳቦ ብቻ ነበር።

በዚህ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ቸኩሎ ፍርድ ይሰጣል። በሥልጠና ላይ ይህን ጉዳይ ሳቀርብ ግማሹ ጋጋሪውን፣ ግማሹ ገንዘብ ያዧን ይደግፋል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ልክ ነበሩ። የእሷ ሥራ የሰው ገንዘብ መጠበቅ ነው፤ ሳትታዘዝ ብታወጣና ኋላ ቢጎድል የምትጠየቀው እሷ ናት። የእሳቸው ሥራ ደግሞ ነገ መጋገሪያው ፊት የሚቆም ሰው እንዲኖር ማድረግ ነው። ሁለት ታማኝ ሰዎችን ያጣላው በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ሊኖር ይገባው የነበረ አንድ መስመር ጽሑፍ አለመኖሩ ነው፤ ባለቤት በማይገኙበት ጊዜ ከሽያጩ እስከ ስንት ብር፣ ለምን ጉዳይ፣ በማን ፊርማ እንደሚወጣ የሚናገር መስመር።

በነሐሴ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ተኩሱ ከተማው ውስጥ ሆነ። በዚያ ሌሊት አቡኪው የጀመረው አንድ ማቡኪያ ሙሉ ሊጥ ሳይጋገር ኮምጥጦ ቀረና ተደፋ። ሱቁ ተዘጋ። ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ባለቤቲቱ ከአዲስ አበባ ሲደውሉ የሚያገኙት ገንዘብ ያዧን ብቻ ነበር፤ እሷም የምታውቀው በስልኳ ውስጥ ያሉትን ነው። የሠራተኛው ሁሉ መገናኛ የቴሌግራም ቡድን ነበርና ዳታው ሲጠፋ ቡድኑም አብሮ ጠፋ። ከሁሉም የከበደው የአንድ ተለማማጅ ነገር ነው። ልጁ በስልኳ ላይ የተመዘገበው «ማሙሽ» ተብሎ ነው። የአባቱን ስም የሚያውቅ አልነበረም፤ ከአዘዞ በኩል እንደሚመጣ እንጂ የት ቤት እንደተከራየ የሚያውቅም የለም። ስልኩ ዝግ ነው። ለቀናት በሕይወት መኖሩ ሳይታወቅ ቆየ። ኋላ እንደታወቀው አክስቱ ቤት ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ስልኩ ባትሪ ጨርሶበት ነው።

መንግሥት ነሐሴ 3 ቀን ጎንደርን ጨምሮ ስድስት ከተሞች ከታጣቂዎች ነፃ መሆናቸውን አስታወቀ፤ የሰዓት እላፊ ገደብም ተጣለ። በማግስቱ ዋናው ጋጋሪ በእግር መምጣት የሚችሉትን ብቻ ሰብስበው መጋገሪያውን አስነሱ። ሌሊት መሥራት ስለማይቻል ንጋት ላይ አቡክተው ረፋድ ላይ ጋገሩ። ዳቦው በመስኮት፣ ለአንድ ሰው በቁጥር ተወስኖ ተሸጠ። ከገንዘብ ያዧም ጋር ታረቁ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አምስት መቶ ብር ቅድሚያ ተሰጥቶ በደብተር ላይ ስምና ፊርማ እንዲሰፍር፣ ከሥሩም ሁለቱ እንዲፈርሙ ተስማሙ። ነሐሴ 4 በረራ እንደገና ሲጀመር ባለቤቲቱ ተመለሱና ደብተሩን አይተው «ልክ ነው» አሉ። ደግ አሠሪ በመሆናቸው ነው እንጂ «ማን ፈቀደላችሁ?» ቢሉስ ኖሮ?

ስንገናኝ መጀመሪያ የጠየቁኝ ትልቅ ጄነሬተርና የሁለት ወር ዱቄት ስለማከማቸት ነበር። ብዙ ባለንብረት እዚህ ላይ ይጀምራል። ዱቄቱን ቶሎ አለፍነው። ክረምት ላይ ማከማቻው ስለሚረጥብ ብዙ ኩንታል መደርደር ኪሳራ ነው፤ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ መጠባበቂያ፣ ከወለል ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ በቂ ነው። ረጅሙን ጊዜ የወሰደብን ደመወዝ ነው።

ባለቤቲቱ ሱቁ ለተዘጋባቸው ቀናት ደመወዝ መክፈል እንዳለባቸው እርግጠኛ አልነበሩም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 54 ላይ እንደሚለው፣ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ የሥራ መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ ባለመቅረቡ ወይም በእሱ ባልተፈጠረ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙ አይቀርበትም። በሌላ በኩል ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚቋረጥ ከሆነ፣ አሠሪው ከሥራ ውል የሚመነጩ መብትና ግዴታዎች ለጊዜው እንዲታገዱ ማድረግ ይችላል፤ ለዚህም ምክንያቱ በተከሰተ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው ባለሥልጣን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ዕግዱም ከ90 ቀን አይበልጥም። እንግዲህ አስቡት፤ መሥሪያ ቤት በተዘጋበት፣ ጎዳና ላይ ሰው በሌለበት ሳምንት ሦስት የሥራ ቀን እንዴት ነው የሚቆጠረው? ለባለቤቲቱ ያልኳቸው አጭር ነው፤ ለጥቂት ቀናት መቋረጥ ዕግድ አያስፈልግም፣ ደመወዙን ይክፈሉ፤ መቋረጡ ወደ ሳምንታት የሚሄድ ከመሰለዎት ደብዳቤው አስቀድሞ ተረቅቆ፣ ቀኑ ብቻ ባዶ ሆኖ፣ በፋይል ይቀመጥ።

ከዚህ ሁሉ የወጣው ዕቅድ አንድ ገጽ ነው። በጳጉሜን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከኬክ ቤቱ ጠረጴዛዎች ሦስቱን ገጥመን፣ ሠራተኛው ሁሉ በተገኘበት ተጻፈ፤ ማቡኪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይም ተለጠፈ። ባለቤቲቱ በማይገኙበት ጊዜ ዋናው ጋጋሪ ያዛሉ፤ እሳቸው ከሌሉ ገንዘብ ያዧ፤ እሷም ከሌለች የኬክ ክፍሉ ኃላፊ። የሚያዝዘው ሰው ከሽያጩ ለሠራተኛ ቅድሚያ፣ ለሕክምና፣ ለዱቄትና ለነዳጅ ብቻ፣ እስከተወሰነው መጠን፣ በሁለት ፊርማ ያወጣል። ብር ወደ ቤት ይዞ መሄድ ክልክል ነው፤ ሁለተኛ የካዝና ቁልፍ በታሸገ ፖስታ ተቀምጧል። ካዝናው ውስጥ የግማሽ ወር ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ ይቀመጣል። ሠራተኞች በሰፈር ተከፋፍለው ለየሰፈሩ አንድ መልእክት አድራሽ ተመረጠ፤ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የቤት አቅጣጫና የቅርብ ዘመድ ስልክ በወረቀት ላይ ተጽፎ ለአድራሾቹ ታደለ። የመጨረሻው መስመር በትልቁ ተጽፏል፤ ተኩስ ባለበት ወይም መንገድ በተዘጋበት ቀን ማንም ለሥራ አይወጣም፣ ደመወዙም አይቆረጥም።

ዕቅዱን ሞከርነው። ከጳጉሜን ቀናት በአንዱ ባለቤቲቱ ጥግ ላይ ሻይ ይዘው እንዲቀመጡና አንድ ቃል እንዳይናገሩ ተነገራቸው፤ ለዕለቱ አዲስ አበባ ናቸው ማለት ነው። ሊጡ ማሽኑ ውስጥ እየተገላበጠ ሳለ ዋናውን የመብራት ማብሪያ አጠፋሁት። ዋናው ጋጋሪ ጄነሬተሩ እንዲነሳ አዘዙ። የሚያነሳው ሰው በልምምዱ ውስጥ «ቀሪ» ከተባሉት አንዱ ነበር፤ ሌሎቹ ገመዱን እየሳቡ ላብ በላብ ሆኑ። ባለቤቲቱ ሦስት ጊዜ ብድግ ብለው ሦስት ጊዜ አስቀመጥናቸው። በመጨረሻ የነዳጅ መክፈቻው ተዘግቶ መሆኑ ታወቀ። ይህም ይሁን፤ የናፍጣው ጀሪካን ግን ከመጋገሪያው አፍ ሁለት እርምጃ ብቻ ርቆ ተቀምጦ ነበር፤ ለዓመታት እዚያው የተቀመጠ በመሆኑ ማንም አያየውም ነበር። በዚያው ዕለት ወደ ጓሮ ወጣ። የካዝናው ሁለተኛ ቁልፍም ሲሞከር የሌላ ሳጥን ሆኖ ተገኘ። ከልምምዱ በፊት በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር የተሟላ ነበር።

ዕውነተኛው ፈተና ብዙ አልቆየም። እሑድ መስከረም 13 ቀን 2016፣ የመስቀል ደመራ ሊደመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ጎንደር ውስጥ እንደገና ከባድ ውጊያ ሆነ። ሥራው ከሌሊት ወደ ንጋት ከተዛወረ ወዲህ አብዛኛው ሠራተኛ ገና ከቤቱ አልወጣም ነበር። ባለቤቲቱ ከተማው ውስጥ ቢሆኑም ስልካቸው አልገባም። ዋናው ጋጋሪ ማንንም ሳይጠይቁ አይጋገርም አሉ። የሰፈር አድራሾቹ እየደወሉ፣ ስልክ ያልገባላቸውን በጎረቤት እያስጠየቁ፣ ከቀትር በፊት ከአንዲት ሴት በስተቀር ሁሉም ቤቱ መሆኑን አረጋገጡ። ማሙሽም ቤቱ ነው፤ አሁን በሙሉ ስሙ። የዚያን ቀን ደንበኞች ዳቦ አጥተው ቅር ተሰኝተዋል፤ ባለቤቲቱም ኪሳራውን አንስተውብኛል። እኔ ግን ከዕቅዱ ሁሉ የተሳካው ያ ያልተጋገረ ዳቦ ነው ባይ ነኝ።

ያልተገኘችው ሴት ዳቦ ቤቱ ውስጥ ነበረች። ከሳሙና በር በኩል በማለዳ በእግሯ ተነስታ፣ ተኩሱ ሲጀምር ከደረሰችበት መመለሱ ስለከበዳት በሩን አንኳኩታ ገብታለች። ለምን መጣሽ ስትባል መጀመሪያ «አልሰማሁም» አለች። ኋላ ብቻዋን ስትጠየቅ የተናገረችው ሌላ ነው። ከዚህ በፊት በሠራችበት ቤት የቀረ ሰው ይቆረጥበታል፤ ግድግዳ ላይ የተጻፈውን አንብባለች፣ ግን አላመነችም። ሁለት ልጅ የምታሳድግ ሴት ያላየችውን ነገር በወረቀት ብቻ እንድታምን መጠበቅ ከእኛ በኩል የዋህነት ነበር። ባለቤቲቱ የነሐሴን የተዘጉ ቀናት ደመወዝ ከወሩ ደመወዝ ጋር ቀላቅለው ስለከፈሉ ሠራተኛው መከፈሉን እንኳ ለይቶ አላወቀም ነበር። ስለዚህ በማግስቱ፣ የወር መጨረሻ ሳይጠበቅ፣ የእሑዱ የቀን ሒሳብ ለየብቻው ተሰልቶ፣ «ያልተሠራበት ቀን» ተብሎ በደብተር ተጽፎ፣ ሁሉም ባለበት በእጅ ተከፈለ። እሷም ፈርማ ተቀበለች።

በሩን የከፈተላት ዘበኛው ነው፤ ዘበኛው ደግሞ በዕቅዱ ውስጥ የለም። ስሙ ከሰፈር ዝርዝሮቹ በአንዱም አልተጻፈም፤ አድራሽም አልደወለለትም። «ማንም ለሥራ አይወጣም» ስንል ሥራው ላይ ያደረ ሰው ምን እንደሚሆን ሃያ ሰው ተቀምጦ አንድም ሰው አላነሳውም፣ እሱ ራሱም ጭምር፤ በስብሰባው ጊዜ በር ላይ ቆሞ ነበርና። በነሐሴም ሱቁ በተዘጋባቸው ቀናት ሁሉ የሚተካው ሳይመጣ ብቻውን ቀንና ሌሊት እዚያው እንደቆየና የተረፈ ዳቦ እየበላ እንዳሳለፈ የሰማነው ያኔ ነው። ለነዚያ ሰዓቶች የሚገባው የትርፍ ሰዓት ክፍያም አልታሰበም። አዋጁ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን ሰዓት ክፍያ በ1.75 አባዝቶ እንዲከፈል ያዛል። ተሰልቶ ተከፈለው።

ስለ እሱ የሚጻፈው መስመር ላይ ከባለቤቲቱ ጋር አልተስማማንም። እኔ፣ መንገድ ካለው በሩን ቆልፎ ይሂድ፣ ማሽን ይተካል አልኩ። እሳቸው፣ ማሽኑ የተገዛው በብድር ነው፣ ብድሩ ገና አላለቀም፣ ከተዘረፈ ሃያ ሰው ሥራ ፈት ይሆናል አሉ። ይህም ቀላል መልስ የሚሰጠው ነገር አይደለም። በመጨረሻ የተጻፈው እንዲህ ይላል፤ ዘበኛው መንገድ ካለውና መሄድ ከፈለገ ቆልፎ ይሄዳል፣ አይጠየቅም፤ መቆየት ከመረጠ ከመስታወቱ ራቅ ባለው የዱቄት ክፍል ይሆናል፤ እዚያም የሦስት ቀን ውኃ፣ ምግብና ባትሪ ይቀመጥለታል፤ በቀን ሁለት ጊዜ አንድ ሰው ይደውልለታል፤ የትርፍ ሰዓቱ ይያዛል። ለመደወሉ ገንዘብ ያዧ ራሷን አቀረበች። ባለቤቲቱ «አይጠየቅም» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አስሰርዘው ሁለት ጊዜ አስጻፉት። አሁን በወረቀቱ ላይ አለ።